ከሹፌሩ በግራ በኩል ያለው ቦታ

ቆቦ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባጃጅ ሦስት ሰው ከኋላ ይጭናል ይባላል እንጂ የተሳፋሪው ቁጥር የሚወሰነው በሹፌሩ ይሉኝታ ነው። ኋላው ከሞላ ፊት አለ። ፊቱም ሁለት ዓይነት ነው። በሹፌሩ ቀኝ የሚቀመጠው ሰው የፍሬን መርገጫውን እንዳይነካ እግሩን ሰብስቦ፣ ግማሽ ጎኑ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ምስኪን ነው። በግራ የሚቀመጠው ግን ጌታ ነው። በዚያ በኩል የሚረገጥ ነገር ስለሌለ እግሩን ዘርግቶ፣ ነፋስ እየተቀበለ፣ ከሹፌሩ ጋር እያወጋ ይጓዛል። ስለዚህ ያ ቦታ ለሽማግሌ፣ ለአማት፣ ለመምህር፣ ባጠቃላይ ለሚከበር ሰው ነው። ትራፊክ ሲያየን ይቀጣናል። እኛም ተቀጥተን በማግስቱ ሽማግሌ እናስቀምጥበታለን። ገጠመኜ ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሰይድ እባላለሁ። እግሬን ከማጣቴ በፊት ከቆቦ ሮቢት፣ ሲቀናኝም እስከ ጎብዬ እየተመላለስኩ ባጃጅ እነዳ ነበር። ከሌላው ሹፌር የምለይበት ነገር ቢኖር አፌ ነው፤ ከእኔ ባጃጅ ሳይስቅ ወይም ሳይናደድ የሚወርድ ተሳፋሪ አልነበረም። አንድ ቀን ጎብዬ መግቢያ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ወጥቼ ጎማ ስቀይር ድንጋይ የጫነ መኪና መስመሩን ስቶ መጣና ቀኝ እግሬን ከባጃጁ ጋር አጣበቀው። ሐኪሞቹ ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አላወራም። ለጠያቂ ሁሉ ስደጋግመው ኖሬ ሰልችቶኛል።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ባወራ ይሻላል። እኛ አገር የተጎዳ ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የመስጊዱም ሰው ይመጣል። ሁሉም "አብሽር ሰይዶ፣ ነፍስህ ተርፋለች" ይለኛል። አላህ ይስጣቸው። ችግሩ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞልኝ መራመድ ከጀመርኩ በኋላም ነገሩ አለመቀየሩ ነው። ውሃ ልቀዳ ስነሳ "ተቀመጥ" እባላለሁ። በር ልከፍት ስነሳም "ተቀመጥ" ነው። ባለቤቴ ዘሀራ የውዱእ ውሃዬን ሳይቀር እፊቴ ታቀርብልኛለች። ከሰዉ ደግነት የተነሳ እስከ ዕለተ ሞቴ ከፍራሹ ላይ የማልነሳ መሰለኝ። ይህን ብናገር ደግሞ ምስጋና ቢስ እባላለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም በላይ የሚያዝኑልኝ አማቴ ሐጂ እድሪስ ነበሩ። ቤታቸው እዚሁ ቆቦ ነው፤ ሮቢት አጠገብ ግን በጉድጓድ ውሃ የሚያለሙት የሽንኩርት መሬት አላቸው። ባጃጁንም የገዛነው እሳቸው ከሽንኩርቱ፣ እኔ ደግሞ ካጠራቀምኩት አዋጥተን ነው። አስጠግነውት ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። መጥተው በተቀመጡ ቁጥር እሱን እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

"ልጄ፣ ይህ ነገር እግርህን በልቷል" አሉኝ አንድ ቀን። "አንተን እስኪጨርስ አልጠብቅም። እንሽጠውና ሱቅ እንከፍትልሃለን። ቁጭ ብለህ ትሠራለህ።"

ሱቅ ነውር የለውም። እኔ ግን ሳሙናና ስኳር ከፊቴ ደርድሬ የሚያልፍ የሚያገድመውን ባጃጅ ስቆጥር ታየኝና ሆዴ ባባ። ቢሆንም እሺ አልኳቸው። ምን እላለሁ? አማቴ ናቸው፣ የሚሉትም ከፍቅር ነው።

በዚያው ሰሞን ነው ለእግሬ ክትትል የምመላለስበት ሆስፒታል ጎንደር ተምራ ወደመጣች አንዲት ባለሙያ የላከኝ። ሰላማዊት ትባላለች። ሥራዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው ተባልኩ። እሱን መጥራት ስላቃተኝ "ሲስተር" አልኳት፤ ነርስ አይደለሁም አለች። "ዶክተር" አልኳት፤ እሱም አይደለሁም አለች። ታዲያ ምንድን ነሽ ብላት ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ሐኪሙ ቁስሉን ያድናል፣ ሌላው ባለሙያ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ እሷ ደግሞ ሰውየው ከጉዳቱ በፊት በየቀኑ ያደርገው የነበረውን ነገር፣ መታጠቡን፣ መልበሱን፣ መስገዱን፣ እንጀራውን የሚያገኝበትን ሥራ፣ እንደገና የሚያደርግበትን መንገድ ትፈልጋለች። ሰውየው ካልቻለ ዕቃው ይስተካከልለታል። ዕቃው ካልሆነ አሠራሩ ይቀየራል።

ከዚያ ምን መሥራት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ምን እንደሚያመኝ ነው። እንደምትስቅብኝ እያሰብኩ "ባጃጅ መንዳት" አልኳት። አልሳቀችም። የባጃጅ ፍሬን በየት በኩል እንደሚረገጥ ብቻ ጠየቀች።

በቀኝ እግር ነው የሚረገጠው። ነዳጁም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም በእጅ ነው፤ እግር የሚፈልገው ፍሬኑ ብቻ ነው። የእኔ ቀኝ እግር ደግሞ ፕላስቲክና ብረት ሆኗል። ሰው ሠራሹ እግር መርገጥ ይችላል፤ ምን ያህል እንደረገጠ ግን አይነግረኝም። ሲያሻው ይደፈጥጣል፣ ሲያሻው ጭራሽ ይስታል። ሰላማዊት ይህን ሁሉ በሆስፒታሉ ግቢ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ጣውላ እያስረገጠች አረጋገጠች። ዓይኔን፣ አንገቴን፣ የእጄን ጥንካሬ ሁሉ አየች። ማስመሪያ ከላይ ለቅቃ ሳይወድቅ እንድይዘው ታደርገኝ ነበር። በመጨረሻም ፍሬኑን ወደ ግራ እንደምናዞረው ነገረችኝ።

ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ ካሳሁን ከእሷ ጋር ተመካክሮ ሠራው። አዲስ መርገጫ በግራ በኩል አበጀና ከድሮው ጋር በብረት ዘንግ አገናኘው። ግራውን ስረግጥ የቀኙ አብሮ ይወርዳል። የቀኙን በላሜራ ሸፈነው። ላሜራው የተሠራው የሰው ሠራሹ እግሬ ጫማ ሳላውቀው ወደዚያ እንዳይሄድ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም ባለሙያዋ ይችላል ብላ ከጻፈች ለውጡን እንደሚቀበል ነገረን። ለሙከራውም ፈቃድ ሰጠ።

ዕቃው ተስተካከለ፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሰላማዊት ከኋላዬ ቆማ በድንገት "ፍሬን!" ስትል ግራ እግሬን መርገጥ ነበረብኝ። ቀድሞ የሚነሳው ግን ቀኝ ጭኔ ነው። የሌለው እግሬ የሌለውን መርገጫ ይረግጣል። ሳልደነግጥ ስሠራው ግራው በትክክል ይሄዳል፤ ሲያስደነግጡኝ ወደ ቀኝ።

"እግርህ የሚያውቀው የድሮውን ነው" አለችኝ። "ስትረጋጋ አዲሱን ይቀበላል፣ ስትደነግጥ ወደ ድሮው ይመለሳል። እኔን የምታሳስበኝ ያቺ የድንጋጤ ሰዓት ናት። እሷን ሳላይ አልፈርምልህም።"

ቤት ውስጥ እንድለማመድ ዘሀራን አሠለጠነቻት። ዘሀራ ሥራውን ወደደችው። ጎርሼ ሳለሁ "ፍሬን!" ትላለች። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል "ፍሬን!" ትላለች። አንዴ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ፊት እንዲሁ ብላ ሰውየው ሻዩን ራሱ ላይ ደፋ። ግቢ ውስጥ በቆመ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ግራ እግሬን ሳነሳና ስጥል የሚያዩ ጎረቤቶችም ነገሩ ከእግሬ አልፎ ወደ ራሴ ወጥቷል ብለው ዱዓ ያደርጉልኝ ጀመር። ቀጥሎ በኳስ ሜዳው፣ ከዚያም በየውስጥ መንገዱ ነዳሁ። ቀኝ ጭኔ መነሳቱን እየቀነሰ መጣ፤ ጨርሶ ግን አልተወም።

በዚህ መሐል ሐጂ ገዢ አገኙ። የወልድያ ሰው ነው። በሚመጣው የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ባጃጁን ሊያይና ሊረከብ ተቀጣጠሩ። ሐጂ ልምምዱን እንደ ሕክምና ነው የሚያዩት፤ ዋናው መንገድ ላይ እወጣለሁ ብለው አላሰቡም። እኔም አልነገርኳቸውም። ለሰላማዊት ግን ነገርኳት። ለመጨረሻው ሙከራ የቀጠረችኝም ለዚያው ለገበያው ቀን ጠዋት ሆነ። መጀመሪያም ቢሆን የገበያ ቀን ነበር የምትፈልገው። ባዶ መንገድ ላይ ማንም ይነዳል አለች። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ከተሳካልኝ ከሰዓት በኋላ ለሐጂ የማሳየው ነገር ይኖረኛል። ካልተሳካልኝ ባጃጁ ይሄዳል፣ እኔም ሳሙና እሸጣለሁ።

ጠዋት ከቆቦ ስንነሳ ሰላማዊት ከኋላ ተቀመጠች። ሕጓ ቀላል ነበር፦ አደጋ ካላየች አትናገርም፤ እኔም እሷን ረስቼ እንደ ሥራ ቀን መንዳት አለብኝ። ሰው ካጋጠመኝ መጫን፣ ማውረድ፣ መመለስ። ከመነሳቴ በፊት መርገጫውን አንድ ጊዜ ረግጬ ማየት እንዳለብኝ አስተምራኝ ስለነበር ረገጥኩት። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

እስከ ሮቢት ያለው ሁሉ ጥሩ ነበር። አውቶቡስ ሲያልፈኝ አልደነገጥኩም። ማሽላ የጫኑ አህዮች ከማሳው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ ቀስ ብዬ አሳለፍኳቸው። ሁለት ሴቶች ጭኜ አወረድኩ፤ አንደኛዋ ስትወርድ ብቻ ነው ሰው ሠራሽ እግሬን ያየችው፤ "ሱብሃነላህ" ብላ ሂሳቡን ጨምራ ልትሰጠኝ ስትል አልቀበልም አልኳት። ሮቢት ደርሰን ባጃጁን ስናዞር ልቤ ሞልቶ ነበር። አፌም ተመልሶ መጣ። ለሰላማዊት ስለ ሮቢት ሰዎች ቀልድ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሕጓን አስታውሳ ወዲያው ዝም አለች።

ከሮቢት ትንሽ እንደወጣን ሐጂ እድሪስን አየኋቸው። ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት በከፊል የተሞላ ማዳበሪያ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ቆመዋል። ባጃጁን አውቀውት እጃቸውን አነሱ፤ ሹፌሩ እኔ መሆኔን ሲያዩ ግን እጃቸው እንደተነሳ ቀረ።

አልፌ ልሄድ እችል ነበር? አማቴን መንገድ ላይ ጥዬ? ቆምኩ። ልንገራችሁ፣ የቆምኩት በይሉኝታ ብቻ አልነበረም። እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው። ገዢ ፈልገው ያገኙለትን ባጃጅ እኔ ስነዳው፣ ጎኔ ተቀምጠው፣ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈልጌ ነው።

"አንተ ነህ የምትነዳው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ሐጂ። ይግቡ" አልኩና ወደ ግራ ያለውን ቦታ በመዳፌ መታ መታ አድርጌ አሳየኋቸው። ኋላው ባዶ ነበር። ሰላማዊት ብቻ ነበረች። ግን አማት እንዴት ከኋላ ይቀመጣል? እጄ ያሳየው ዕድሜ ልኬን ሲያሳይ የኖረውን ቦታ ነው። በዚያ በኩል አሁን መርገጫ እንዳለ ጭንቅላቴ ያውቃል፤ ይሉኝታዬ ግን አያውቅም።

ሐጂ ተቀመጡ። ማዳበሪያውን በእግራቸው መሐል አደረጉና ጋቢያቸውን አለበሱት። እግራቸውን ግን ሰበሰቡ፤ ስለዚህ መነሻው ላይ መርገጫው ነፃ ነበር። ረግጬ አየሁት፣ ወረደ። ሰላማዊት ከኋላ ሆና የሚታያት የሽማግሌው ጀርባና ጋቢ ብቻ ነው። ሄድን።

 ሐጂ መሪውን ይዘው ሊያግዙኝ የፈለጉ ያህል እጃቸው ይንቀሳቀሳል። እየቆየ ተረጋጉ። "ማሻአላህ" አሉ በለሆሳስ። እኔ በዚያች ቃል ሰከርኩ ማለት ይቻላል። ስለ አዲሱ ፍሬን ላስረዳቸው ጀመርኩ፣ ስለ ካሳሁን ብየዳ፣ ስለ ዘሀራ ጩኸት። ባጃጁ ሲነቃነቅ ማዳበሪያው በጋቢው ሥር በጥቂት በጥቂቱ ወደ እኔ ይንሸራተት እንደነበር ሁለታችንም አላየንም።

ቆቦ ልንገባ ስንል መንገዱ ትንሽ ይወርዳል። ከአፋር በኩል ወደ ገበያው የሚሄዱ ግመሎች በረድፍ አስፋልቱን ሲያቋርጡ አየሁ። ርቀት ስለነበረን ነዳጁን ቀነስኩ። የመጨረሻዋ አልፋ ነበር። አለፈች ብዬ ወደፊት ስጠጋ ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋና ግመሏ ደንብራ ዞረች። ባለቤቷ ገመዷን ይዞ አብሯት ተጎትቶ መሐል አስፋልት ላይ ከፊቴ ቆመ። ጀርባው ወደ እኔ ነው።

ረገጥኩ። መርገጫው አልወረደም።

ሥሩ አንድ ለስላሳ ነገር አለ። እንደገና ረገጥኩ፤ የሽንኩርት መንኮሻኮሽ በጫማዬ ውስጥ ተሰማኝ። ሰላማዊት ስሜን ጠራች። ሐጂ ምን እንዳሉ አላውቅም። ማርሹን ወደ ታች አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ወደ ጠጠሩ ጣልኩት። ባጃጁ ጮኸ፣ አዘነበለ፣ አንድ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ተመለሰ። የግመሏ ሆድ በሐጂ በኩል አልፎ ሲሄድ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የፊት ጎማችን ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆምን።

ማንም አልተጎዳም። የሐጂ ጉልበት ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ትንሽ ተላጠ። ማዳበሪያው ተቀዶ ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። የግመሏ ባለቤት አፋሩ ሰውዬ አስሯት መጣና ማንንም ሳይወቅስ ሽንኩርት ይለቅም ጀመር። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። 

ሐጂ ወርደው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ይበቃል ልጄ። ዛሬ አላህ ነው ያተረፈን። ሰውየው ከሰዓት ይመጣል፣ ይውሰደው" አሉ። እኔም አመንኩ። አለቀ ብዬ አሰብኩ። ሳሙናው፣ ስኳሩ፣ ወንበሩ ሁሉ ታየኝ። አለቀሰ ብላችሁ አታፍሩብኝ፤ አልቅሻለሁ።

ሰላማዊት መጥታ በእኔ ቁመት ልክ ቁጢጥ አለች።  መጀመሪያ ያመመኝ ነገር እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ጥያቄዋን አመጣች።

"ግመሏን ስታይ የትኛው እግርህ ነው የረገጠው?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ልቆጣ ስል ወደ እግሬ አየሁ። ግራ እግሬ መርገጫው ላይ ነው። አሁንም እየረገጠ ነው፤ መቆማችንን አልሰማም።

"ግራው" አልኳት።

"ቀኙስ?"

ቀኙ በነበረበት ነው። ጭኔ አልተነሳም። የሌለው እግሬ የሌለውን ፍሬን አልፈለገም። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ፣ ማንም "ፍሬን!" ሳይለኝ፣ እግሬ አዲሱን ቦታ አውቆ ሄዷል።

"ስጠብቃት የነበረችው ያቺ ሰዓት ናት" አለች። "አየኋት። እግርህ አልተሳሳተም።"

ሐጂ ይሰሙ ነበር። "እግሩ ካልተሳሳተ ታዲያ ለምን አልቆመም?" አሉ።

 መልሱ ከመርገጫው ሥር ተጨፍልቆ ይታያል። ቀይ ሽንኩርት ነው። ሰላማዊት ወደ እኔ አየች። የእሷም ጥፋት እንዳለበት ነገረችኝ፤ መርገጫውን ስታሠራ እዚያ ሰው ይቀመጣል፣ ዕቃ ያስቀምጣል ብላ አላሰበችም። መከለያ ብረት ማሠራት ነበረባት። ሐጂ ሲቀመጡም ዝም ማለት አልነበረባትም። ይህን ሁሉ አለችና ለሐጂ የሚገባውን መልስ ግን ሳትመልስ ቀረች።

ቀስ ብዬ "አንቺ ንገሪያቸው" አልኳት። እሷ ባለሙያ ናት፣ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ብትናገር አይቀየሟትም።

"አልነግራቸውም" አለች። "ነገ እኔ ከኋላ አልቀመጥም። ይሄን መናገር ካልቻልክ፣ እግርህ ቢችልም መንዳት አትችልም ማለት ነው። እኔም አልፈርምም።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከግመሏ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ሐጂ እድሪስ ሲገቡ ሰው ተነስቶ የሚቆምላቸው ናቸው። ልጃቸውን ድረውኛል። ሆስፒታል ስተኛ ከአጠገቤ ሳይጠፉ ከርመዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በሰው ፊት፣ በአፋሩም ፊት፣ ከጎኔ ተነሱ ልበላቸው? ከባጃጁ ወረድኩ። ተቀምጬ መናገሩ ነውር መሰለኝ።

"ሐጂ፣ እርስዎ የተቀመጡበት አሁን የፍሬን ቦታ ነው። እዚያ ያስቀመጥኩዎት እኔ ነኝ፤ ማስቀመጥ አልነበረብኝም። ከኋላ ይቀመጡ።"

"ከኋላ?"

"አዎ ሐጂ።"

"እኔ?"

"እርስዎም፣ ማንም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ባጃጅ ፊት ሰው አይቀመጥም።"

ሐጂ ወደ ሽንኩርቱ አዩ፣ ወደ መርገጫው አዩ።  በኋላ ጎንበስ ብለው ከአፋሩ ጋር ሽንኩርታቸውን መልቀም ጀመሩ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ቅር ስላላቸውም አዘንኩ። የተናገርኩትን መልሼ እንዳልውጠው ግን ጥርሴን ነከስኩ። ተጋግዘን ጎማውን ከቦዩ አወጣነው። ሐጂ የተቀደደውን ማዳበሪያ በጋቢያቸው ጫፍ አስረው ከሰላማዊት ጎን ገብተው ተቀመጡ።

መርገጫውን ጠርጌ አንድ ጊዜ ረገጥኩት። ወረደ። ቢስሚላህ አልኩና ተነሳሁ። ቆቦ መግቢያ ላይ በጎች፣ ጋሪዎች፣ ሰው ሁሉ መንገዱን ሞልቶ ነበር። ቆምኩ፣ ተነሳሁ፣ ቆምኩ።  ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ማቆሚያው ጋ ሰላማዊት ወርዳ የምትፈርምበት ቀን ዛሬ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ካሳሁን መከለያውን ይሥራ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደገና እንወጣለን፤ በዛሬው ዓይነት ከነዳሁ ትፈርማለች። እኔም ገዢው እስከዚያ እንደማይጠብቅ ልነግራት አፌን ስከፍት ሐጂን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡና ወደ ቤታቸው እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። ጠይቀውኝም ሳይጨርሱ በልማዳቸው በግራ በኩል አንድ እግራቸውን አስገቡ። እኔ ገና ቃል ስፈልግ ከኋላዬ የሐጂ ድምፅ ተሰማ።

"ከዚያ ውረድ። እዚያ ያለው የልጄ እግር ነው። ና፣ ከእኔ ጋር ተቀመጥ።"

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ ዞሩ። ሐጂም ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለወልድያው ሰው ደወሉ። ሰላምታውን ረጅም አድርገው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው፣ መጨረሻ ላይ እንዳይለፋ፣ ባጃጁ ሥራ ላይ መሆኑን ነገሩት።  ሙከራው ስላላለቀ ሰላማዊትም ተመልሳ ገባች። የመንደሩን መንገድ ይዤ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ቤታቸው አደረስኳቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰላማዊት ፈረመች። በመርገጫው ዙሪያ ካሳሁን የሠራው የብረት አጥር አሁንም አለ። ፊት ለመቀመጥ የሚመጣ ሰው አሁንም አይጠፋም። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ አንዳንዱ እግሬን አይቶ ዝም ይላል። አፌ ስላለኝ አስቄ እመልሳቸዋለሁ፤ ካልሳቁም እመልሳቸዋለሁ። የቆቦ ሹፌር ሁሉ እንደ እኔ ፊቱን ቢዘጋ ምንኛ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ ግን እኔም እግሬ እስኪቆረጥ አልዘጋሁትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ እጁን ወይም እግሩን ያጣ፣ ወይም ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከማዘናችሁ በፊት ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ውሃውን ከፊቱ ከማቅረባችሁ በፊት ራሱ የሚቀዳበት መንገድ ይኖር እንደሆነ እዩ። እንደ ሰላማዊት ያሉ ባለሙያዎች ገና ጥቂት ናቸው፤ ሆስፒታል ስትሄዱ ግን ጠይቁ፣ ስሙን መጥራት ቢያቅታችሁም ጠይቁ። ለተጎዳው ሰው ደግሞ የምለው ይህን ነው፦ እግርህ የሚለምደው በልምምድ ነው፤ ለሚወዱህ ሰዎች "እዚህ ጋ አትቀመጡልኝ" ማለትም ልምምድ ይፈልጋል። ለእኔ የከበደኝ ይህኛው ነበር።

ሐጂ እድሪስ አሁንም በገበያ ቀን ሽንኩርታቸውን ይዘው ከሮቢት ከእኔ ጋር ይመጣሉ። ከኋላ ይገባሉ። ማዳበሪያቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉታል፣ መሬት አያስነኩትም። ከመነሳቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

"እግርህ ቦታው ላይ ነው?"

መርገጫውን አንድ ጊዜ እረግጠዋለሁ። ይወርዳል።

"ቦታው ላይ ነው ሐጂ" እላቸውና እነሳለሁ።